ለተያዘችው እህታችን ጠበቃ ማቆም፣ ጥፋቷን መደገፍ ነው ወይ?

ከመካከላችን አንዷ ደመወዟን ስትከለከል መዋጮ ይሰበሰባል። ስትታመም ይሰበሰባል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲሸኝማ ያላት ሃያ ዶላር፣ የሌላት አምስት ዶላር ይዛ ትመጣለች። «እገሊት ታስራለች፣ ጠበቃ ያስፈልጋታል» ሲባል ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን?» ነው። መልሱ «በኢቃማ» ከሆነ እጅ ወደ ቦርሳ ይገባል። «በሀሺሽ» ወይም «በክኒን» ከሆነ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «እሷማ የእጇን ነው ያገኘችው» ትላለች። ሌላዋ «ለታመመ ያልደረሰ ብር ለሀሺሽ ጠበቃ ይከፈል?» ትላለች።

እንዲህ የሚሉትን እህቶች ክፉ ናቸው አልልም። ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ይህ ነገር ስንቷን ልጅ ሲያበላሽ በዐይናችን አይተናል። ሁለተኛ፣ አንዷ በተያዘች ቁጥር «ሐበሾች እንዲህ ናቸው» ተብሎ ስማችን ይነሳል፤ ቤት ሲከራይና ሥራ ሲጠየቅ ይከተለናል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ በላባችን የተገኘ ነው። እነዚህን ሦስቱን ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። በፊት ግን ክሱ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሳናውቅ የምንፈርድበት ነገር ብዙ ነውና።

ይዞ መገኘት ማለት ምንድነው?

ክሱ በአማርኛ «አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘት» ይባላል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ዕቃው ተገኘ፣ እሷ ጋ ተገኘ፣ አለቀ። ነገር ግን በውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዕቃው በእጇ፣ በቦርሳዋ ወይም በክፍሏ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ማወቋና አውቃ መያዟ ነው። የመጀመሪያውን ፖሊስ በዐይኑ ያየዋል። ሁለተኛው አይታይም፤ በጥያቄ፣ በማስረጃና በክርክር ነው የሚገኘው። እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው የሊባኖስ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 210 ማንም ሰው አውቆና ፈቅዶ ላላደረገው ነገር አይቀጣም ይላል። የእኛም አገር የወንጀል ሕግ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ፣ በአንቀጽ 57 ሰው ጥፋተኛ የሚባለው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ሲያደርግ ነው ይላል። ሁለቱም አገሮች በዚህ ይስማማሉ።

አሁን ጣቢያ ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። መርማሪው ከቦርሳዋ ያወጣውን ያነሳና «ሃይዳ ኢሊክ?» ይላታል፤ ይሄ ያንቺ ነው? እኛ ዓረብኛ የተማርነው ወጥ ቤት ነው። ማዳም ስትጠራ «ኤ ማዳም» ማለት የለመደ አፍ አለን። ሰማሁ ለማለት «ኤ» ነው፣ ገባኝ ለማለት «ኤ» ነው፣ ሳይገባንም አትቆጪ ለማለት «ኤ» ነው። ልጅቷ ቦርሳውን አስባ «ኤ» ልትል ትችላለች። በምርመራው ቃል ላይ፣ ማሕደር በሚሉት ወረቀት ላይ፣ «ኤ» የሚባለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፦ አመነች። ከዚያ በማታነበው ፊደል ስሟ ሥር ትፈርማለች።

ሌላው የእኛ ነገር አደራ ነው። «ይቺን ለእህቴ ስጪልኝ» ተብላ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ጥቅሉን አትከፍትም። አደራ አይከፈትም ተብለን ነው ያደግነው፤ ከፍታ ብታይ አሳፋሪዋ እሷ ነች። ሕጉ ግን ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቺን ነው። እኔ የምለው፣ አደራ የሁለት ወገን ቃል ነው። ተቀባይዋ ሳትነካ ለማድረስ ስትገባ፣ ሰጪውም የሚጎዳት ነገር ላይሰጣት ገብቷል። ውስጡ ምን እንዳለ የደበቀ ሰው አደራውን ያፈረሰው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ «ፊቴ ክፈተውና ልይ» ማለት ነውር አይደለም።

ጫትንም እንውሰድ። አወዳይ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ፣ መንግሥት ቀረጥ ወስዶ ወደ ውጭ የሚልከው ቅጠል ነው። እዚህ ሊባኖስ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው። ብሪታንያ እንኳ ለዓመታት ፈቅዳ ኖራ በ2014 ከልክላዋለች። ሐረር አካባቢ ያደገች ልጅ ጫት ወንጀል ነው ብላ አታስብም። ሕጉን አለማወቅ ከክስ አያድንም፤ ሆኖም ሀሺሽ ደብቃ ካስገባች ሴት ጋር በሐሳቧ እኩል አይደለችም። ከአገር ቤት የሚመጡ ወይም ከጓደኛ የሚወሰዱ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ ክኒኖችም ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲገኙ ጣጣ ያመጣሉ።

የጋራ ክፍል ደግሞ አለ። በፍሪላንስ የምንሠራ ነብዓ፣ ቡርጅ ሐሙድ፣ ዶራ አካባቢ አንድ ክፍል ለአምስት ለስድስት ሆነን ነው የምንከራየው። ፍተሻ ሲመጣ በአንዱ ፍራሽ ሥር የተገኘው ለሁሉም ይሆናል። ያወቀችም፣ ጠርጥራ ዝም ያለችም፣ ትናንት ማታ ገና የገባችም አብረው ይጫናሉ።

በአገራችን ታሪክ ለዚህ የሚመስል ነገር አለ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ የሚፈለገው በሌባሻይ ነበር። አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ባለቤቱ ያውቅ ነበር ወይ? ሌላ ሰው ነው ወይ ያስቀመጠው? ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ስንሰማው ያስቃል፣ ያሳፍራልም። ነገር ግን «እሷ ጋ ተገኘ፣ ስለዚህ እሷ ነች» ብለን ከጨረስን እኛም ብላቴናውን ተከትለን መሄዳችን ነው። ጠበቃ የሚቆመው ያ ያልተጠየቀው ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው።

እውነት ጥፋተኛ ብትሆንስ?

እስካሁን ያልኩት ለማታውቀው ነው። ከባዱ ጥያቄ አውቃ ስለያዘችው ነው። ስታጨስ የተያዘች፣ ክኒን የለመደች ብትሆንስ? እሷም ጠበቃ ይቁምላት?

ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ ሕጉ ራሱ ነው። በሊባኖስ የአደንዛዥ ዕፅ ነገር የሚዳኘው በ1998 በወጣው ሕግ ቁጥር 673 ነው። አንቀጽ 127 ለራሷ ለመጠቀም ትንሽ መጠን ይዛ የተገኘችውን ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 125 ደግሞ ለሚነግድና ከውጭ ለሚያስገባ ነው፤ ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ ከባድ ሥራ ይደርሳል። «ትንሽ መጠን» ስንት ግራም እንደሆነ ሕጉ በቁጥር አላስቀመጠም። ልዩነቱን የሚያመጣው የተያዘው ነገር እንዴት እንደተጠቀለለ፣ አብሮ ሚዛን ወይም ብዙ ገንዘብ መኖሩ፣ ስልኳ ላይ ያለው መልእክት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሰጠችው ቃል ነው።

ብዙ ሴቶች ራሳቸውን ያዳኑ መስሏቸው የሚገቡበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። «የኔ አይደለም፣ ለጓደኛዬ ላደርስ ነው» ትላለች። ይህ ቃል ከተጠቃሚነት አውጥቶ ወደ አቀባይነት ሊወስዳት ይችላል። ለሌላ ሰው ማቅረብ ወይም ማመቻቸት፣ አንድ ሊራ ባትቀበልበትም፣ ራስ ከመጠቀም የከበደ ወንጀል ነው።

እንግዲህ አንዲት ሴት አጥፍታለች እንበል። ጥፋቷ የወራት ነው ወይስ የዕድሜ ልክ? ይህን የሚመዝን ሰው ከሌለ፣ የወራቱ ጥፋት በዓመታት ይከፈላል። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረታችን ይህን ነው የሚያውቀው። ተናጋሪው በቅሎዬን አትንኩብኝ አላለም። ተገቢ ፍርድ ከሆነ በቅሎዋም ትሂድ። ያለ ፍርድ ግን ጭብጦም አይሂድ። ጠበቃ ማቆም ማለትም ይኸው ነው፤ አትቀጣ ማለት አይደለም፣ ሳይመዘን አትቀጣ ማለት ነው።

ሕጉ ሌላም በር አለው። ተጠቃሚ ሆና የተገኘችና ለመታከም የተስማማች ሴት ጉዳይዋ ለሱስ ኮሚቴው ተመርቶ ክሱ እንዲቆም፣ ሕክምናዋን ስትጨርስም እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ሱስ በሽታም ነው ብሎ ሕጉ አምኗል ማለት ነው። ግን ይህን በር አለ ብሎ የሚነግራት፣ ለዳኛውም የሚጠይቅላት ጠበቃ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክንያቶች ልመለስ። «ነገሩ ልጆቻችንን እያበላሸ ነው» ለሚለው፣ እውነት ነው። ታዲያ የተበላሸችውን ወደ እስር ቤት ጥሎ መርሳት ማንን ያድናል? የሸጠላት ሰው ብዙ ጊዜ ጠበቃ አለው። «ስማችንን አጠፋች» ለሚለው፣ ስም የሚጠፋው አንዷ ስትከሰስ ብቻ አይደለም። ሐበሻ ስትያዝ ማንም አይመጣላትም የሚል ወሬም ስም ነው፤ ያ ስም ነገ እኔንም አንቺንም ያገኘናል። ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው፤ ይህ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። አንድ መቶ ዶላር ካለንና አንዷ ሆስፒታል፣ አንዷ ጣቢያ ከሆኑ ሆስፒታሉ ይቅደም። ነገር ግን ከጠበቃ ክፍያ በፊት ያለ ገንዘብ የሚደረግ ብዙ አለ፤ ከታች እዘረዝረዋለሁ። በጥፋቷ ዓይነት እርዳታውን መከልከልና በአቅም ማነስ ማዘግየት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው። እኛ ደግሞ ዳኞች አይደለንም።

አንድ ወሰን ግን አለ። ለእህታችን ጠበቃ እናቆማለን እንጂ ውሸት አናቆምላትም። ያላየነውን አየን ብለን አንመሰክርም፤ የሌላዋን ጥፋት በሌላዋ ላይ አናዞርም። በመርማሪ ግፊት የሰው ስም ጥሪ ስትባልም፣ ከፍርሃት የተነሳ የማታውቀውን ስም የምትጠራ ሴት ሌላ ንጹሕ ቤት ታስፈትሻለች። ዝም ማለት ይሻላል፤ መብትም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የሊባኖስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 47፣ በ2020 በሕግ ቁጥር 191 ከተሻሻለ በኋላ፣ ለተያዘ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መብት አለ። ኢቃማ ላላትም ለሌላትም ነው። ከቤተሰብ፣ ከአሠሪ፣ ከምታውቀው ሰው ወይም ከመረጠችው ጠበቃ ጋር መገናኘት ትችላለች። ጠበቃው በምርመራው ላይ አብሯት መገኘት ይችላል። ዓረብኛ የማትችል ከሆነ የማለ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለች። በሐኪም እንድትታይ መጠየቅ ትችላለች። ዝም ልትል ትችላለች፤ ዝምታዋ ይጻፋል እንጂ እንድትናገር መገደድ የለባትም። ፖሊስ የሚያቆያት 48 ሰዓት ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ 48 ሰዓት አንድ ጊዜ ሊጨምር ይችላል። በተግባር ሲዘገይ ማየታችን እውነት ነው፤ መብቱን የምትጠራና የማትጠራ ግን እኩል አይስተናገዱም።

ስለዚህ ሁላችንም ልንይዛቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በቃል እንያዝ፤ ስልካችን ይወሰዳልና። «ሱቅ መሄድ፣ ማጽዳት፣ ማብሰል» የሚያህል ዓረብኛ ስላለን «ዓረብኛ ትችያለሽ» ሲሉን እሺ አንበል፤ «ቢዲ ሙተርጂም» እንበል፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ያልተነበበልንን አንፈርም። ካልገባን «ማ ፍሂምት» እንጂ «ኤ» አንበል።

ውጭ ያለነው ደግሞ የት እንደተወሰደች እንፈልግ። የዕፅ ጉዳይ ሐምራ አጠገብ ካለው ሑበይሽ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሴቶች እስር ቤት ልትዛወር ትችላለች። ኢቃማ የሌላት እህት ራሷ ጣቢያ አትሂድ፤ ሁለተኛ ታሳሪ ማትረፍ ነው። ጠበቃ፣ ወይም እንደ ካሪታስ የስደተኞች ማዕከል፣ ካፋ፣ እኛ ለእኛ በስደት ካሉ ድርጅቶች ሰው እንጠይቅ። ሱስ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ከ2003 ጀምሮ ቤሩት ውስጥ በሱስ ሕክምና የሚሠራው ስኩን አለ። ለቆንስላውም ይነገር።

ጠበቃ ስንፈልግ

ጠበቃ የሚባል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። በቤሩት ወይም በትሪፖሊ የጠበቆች ማኅበር መመዝገቡን ጠይቁ፤ የቤሩቱ ማኅበር ዓድሊዬ፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ነው። ገንዘብ ለሌላት ሰው ጠበቃ የሚመድብ የሕግ እርዳታ ኮሚቴም አለው። ክሱ ጂናያ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ከሆነ ያለ ጠበቃ ችሎት አይካሄድም፤ ማቆም ካልቻለች ይመደብላታል። ጁንሃ፣ ማለትም ቀለል ያለው ከሆነ ግን ያለ ጠበቃ ልትፈረድ ትችላለች። ስለዚህ ቀላል በሚመስለው ክስ ነው እኛ ይበልጥ የምናስፈልጋት።

በጣቢያ ደረጃ ጠበቃ ለማግኘት በውል አዋዋይ ፊት የተጻፈ ወካላ አያስፈልግም፤ «ጠበቃዬ እገሌ ነው» ብላ በማሕደሩ ላይ ማስጻፏ ይበቃል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ወካላው ያስፈልጋል። ሲጻፍ ለዚህ ክስ ብቻ ይሁን፤ ያላትን ሁሉ ለመቀበል ለመሸጥ የሚያስችል ሰፊ ወካላ ለማንም አትስጥ።

ጠበቃውን ሦስት ነገር እንጠይቀው። ክሱ በየትኛው አንቀጽ ነው? ማሕደሩን አንብበኸዋል ወይ? ስንት ነው፣ በደረሰኝ ነው ወይ? «ዋስታ አለኝ፣ በሦስት ቀን አወጣታለሁ» ከሚል ራቁ። እርግጠኛ ሆኖ ውጤት የሚሸጥ ሰው ሕግ እየሸጠ አይደለም።

ከሁሉ በላይ፣ ጠበቃውን የከፈለው ማነው ብለን እንጠይቅ። አብሯት የተያዘው ጓደኛዋ «ጠበቃዬ ለሁለታችንም ይበቃል» ካለ እንጠርጥር። እሱን የሚያድነው «የሷ ነው» ማለት ከሆነ፣ ያ ጠበቃ ለሁለቱም መቆም አይችልም። ከፊሏም ከፍሎላት ይሆናል፤ መልካም። ግን ከፊሉ የሚፈልገው ኃላፊነቱ እንዲወርድለትና ቶሎ እንድትባረር ሊሆን ይችላል። እሷ የምትፈልገው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ለብቻዋ አነጋግሯት፣ የምትፈልገውን ጠይቋት ከሆነ ነው።

ጉዳዩም በፍርድ አያልቅም። የውጭ ዜጋ ቅጣቷን ስትጨርስ ለአምን አል-ዓም ትተላለፋለች፤ ከዚያ ወደ አገር መመለስ ነው የሚጠብቃት። ፓስፖርቷ የት ነው? ደመወዟን ተቀብላለች? ልጅ አላት? እነዚህን የሚከታተል ከሌለ ቅጣቷን የጨረሰች ሴት ተጨማሪ ጊዜ ትቀመጣለች። በ2022 ዳኞች ለወራት ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ስማቸውን የሚያነሳ ያልነበራቸው ታሳሪዎች ከሁሉም በላይ ተረስተው ነበር።

ስለዚህ የማኅበራችን ሐሳብ እንዲሆን የምመኘው ይህ ነው። ለእስር የሚሆን ትንሽ ሣጥን ከሌላው መዋጮ ተለይቶ ይቀመጥ፤ አንዷ ስትያዝ «በምን?» የሚለው ጥያቄ ለጠበቃው መረጃ እንዲሆን ይጠየቅ እንጂ፣ ትረዳ አትረዳ ለማለት አይጠየቅ። አገር ቤት እድራችን ድንኳን ሲተክል ሟቹ ደግ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ለሞተ ያደረግነውን በሕይወት ላለች፣ ገና ልትመለስ ለምትችል እህት ማድረግ አያቅተንም።